ምቱ ይቅደም፦ በሰሜን ሸዋ የሚሠራ ቃል አልባ ፊልም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጨረሻ፣ ደብረ ብርሃን። ዕቅድና ሒሳብ

የሚሠራው ፊልም 12 ደቂቃ ነው። ንግግር የለውም፣ ተራኪ የለውም፣ የቦታ ስም እንኳ በስክሪኑ ላይ አይጻፍም። አራት ክፍል አለው፦ ውርጭ (ጓሳ)፣ ሱፍ (የመንዝ ሸማኔ ቤት)፣ ጉም (ጣርማበር) እና መንገድ (የጭነት መኪኖች በሌሊት)።

ቃል አልባ ፊልም ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ያማረ ምስል ቀርጾ መጨረሻ ላይ ሙዚቃ መደረብ ነው። እንዲህ የተሠራ ነገር ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ይሰለቻል፤ የቱሪዝም ማስታወቂያ ይመስላል። እዚህ የተያዘው መንገድ ሌላ ነው። ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ የየክፍሉ ምት ይወሰናል፤ የታይም ላፕሱ (በየተወሰነ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች ተደርድረው የሚሠሩት ቪዲዮ) ክፍተት፣ የስሎው ሞሽኑ ፍጥነትና የየሾቱ ርዝመት ከምቱ ይሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ኮያኒስካትሲ» ሲሠራ ዳይሬክተሩ ጎድፍሬይ ሬጂዮና የሙዚቃ ደራሲው ፊሊፕ ግላስ ሥራውን እየተቀባበሉ ነበር፤ ሙዚቃው ለምስሉ ይጻፋል፣ ምስሉ ደግሞ ለሙዚቃው እንደገና ይቆረጣል። ጊዜና ገንዘብ ያለው እንዲያ ይሠራል። ለአንድ ሾት ጓሳ ድረስ ተመላልሶ በውርጭ የማደር አቅም የሌለው ግን ሒሳቡን አስቀድሞ ይጨርስ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ፊልሙ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ በደቂቃ 1500 ማለት ነው። 1500 በደቂቃ ለሚመታው ምት ብዛት ሲካፈል አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሚይዝ ይታወቃል። ምቱ 50 ከሆነ 30 ፍሬም፣ 60 ከሆነ 25፣ 75 ከሆነ 20፣ 100 ከሆነ 15፣ 125 ከሆነ 12። ሁሉም ያለ ቀሪ ስለሚካፈሉ ቆረጣው ምቱ ላይ ልክ ያርፋል። 80 ግን 18.75 ይሰጣል። ፍሬም አይሸረፍም፤ በየ19 ፍሬሙ እየተቆረጠ ከተሄደ 16ኛው ምት ላይ ምስሉ 4 ፍሬም ወደ ኋላ ቀርቷል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንደተዛባ ይሰማዋል።

የተመረጡት፦ ውርጭ በ50፣ ሱፍ በ100፣ ጉም በ60፣ መንገድ በ125። የውርጭና የሱፍ ምት አንዱ የሌላው እጥፍ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ሙዚቃው መቆም አያስፈልገውም።

25 ፍሬም የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ብርሃን ይቀበላል። በ30 ፍሬም ሲቀረጽ ሹተሩ ወደ 1/60 ይሄድና የመንገድ መብራቱም የሱቁ ኤልኢዲም በምስሉ ላይ ይዋልላል። በስልክ የሚቀርጽ ሰው ከሁሉ በፊት ሴቲንግ ገብቶ ይህን ይመልከት፤ አብዛኛው ስልክ 30 ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው።

ዕቃው ይህ ነው፦ 1.5 ክሮፕ ሴንሰር ያላቸው ሁለት 24 ሜጋፒክስል ካሜራዎች፣ በእጅ የሚዞር የአፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ቀለበት ያለው 14 ሚሜ ሌንስ፣ 35 ሚሜ ሌንስ፣ ከ70 እስከ 300 ሚሜ ዙም፣ ሁለት ትራይፖድ፣ ባለ 6 እና ባለ 10 ስቶፕ ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ) ፊልተር፣ ሁለት ኢንተርቫሎሜትር (በየተወሰነ ሰከንዱ ፎቶ የሚያስነሳ)፣ 6 ባትሪ፣ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ፣ ባለ 128 ጊጋ አራት ሜሞሪ ካርድ፣ ባለ 2 ቴራ ሁለት ሀርድ ዲስክ፣ ሪከርደርና ሁለት ትንንሽ ኮንደንሰር ማይክ። በተጨማሪ ሰፋፊ የላስቲክ ከረጢት፣ ሲባጎና ጥቁር ፕላስተር። ድሮን የለም። ፈቃዱ አድካሚ ነው፤ ቢገኝም ድምፁ ሰውንም ጭላዳንም ያስደነግጣል። የጣርማበር ገደል እንደሆነ መንገዱ ዳር ለቆመ ሰው ራሱ ቁልቁል ያሳያል።

ለሁሉም ቦታ ደብዳቤ ከወረዳ አስቀድሞ ይያዛል። ለዋሻና ለድልድይ በተለይ።

ኅዳር፣ ጓሳ። ብርሃን ሲወርድ

ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ሣሩ ለዘመናት ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት እየተጠበቀ፣ ሲፈቀድ ብቻ እየታጨደ የኖረ ነው። ስለዚህ ትራይፖድ የት እንደሚተከል ከጥበቃ ቦታው ስካውት ጋር ተነጋግሮ መወሰን የደንብ ጉዳይ ነው። የት ንፋስ እንደሚበረታ፣ ጭላዳው በየትኛው ገደል እንዳደረ የሚያውቀውም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሾት የጠዋት ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ወደ ሜዳው ስትወርድ ነው። የጥላው ጠርዝ ቁልቁለቱን ለመጨረስ 40 ደቂቃ፣ ማለትም 2400 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በፊልሙ ላይ 16 ምት እንዲይዝ ተፈልጓል። 16 ሲባዛ በ30 ፍሬም 480 ነው፤ 2400 ለ480 ሲካፈል 5። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ይነሳል። በሌላ አነጋገር ክፍተቱ የሚገኘው ድርጊቱ የሚወስደውን ሰከንድ ለሚፈለገው የፍሬም ብዛት በማካፈል ነው፤ የፍሬሙ ብዛት ደግሞ ከምቱ ይመጣል። «ለደመና 3 ሰከንድ፣ ለጥላ 10 ሰከንድ» የሚለው በየቦታው የሚገኝ ሠንጠረዥ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ሙዚቃ ላለው ሥራ ግን አይበቃም።

አንዱ የሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፎቶ) ፋይል 28 ሜጋባይት ያህል ነው። 480 ፎቶ 13.4 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በአንድ ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ሾት ከስምንት በላይ ማስገባት አያስተማምንም።

ቅንብሩ ሁሉ በእጅ ነው፦ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ ዋይት ባላንስ 5200 ኬልቪን ላይ የተቆለፈ፣ ፎከስ ተስተካክሎ ቀለበቱ በፕላስተር የታሰረ። ከእነዚህ አንዱ አውቶማቲክ ላይ ከቀረ ቪዲዮው ይርገበገባል። ሁሉም ተቆልፎ ቢርገበገብስ? ያኔ ጥፋቱ የአፐርቸሩ ነው። ዘመናዊ ሌንስ ለእያንዳንዱ ፎቶ ስለቶቹን ይዘጋል፣ ይከፍታል፤ ሁልጊዜ ግን ልክ አንድ ቦታ ላይ አይመለስም። ልዩነቱ በአንድ ፎቶ አይታይም፤ 25ቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሲደረደሩ ነው ጎልቶ የሚወጣው። በእጅ የሚዞር ቀለበት ያለው ሌንስ የተያዘው ለዚህ ነው፤ አንዴ ኤፍ 8 ላይ ከተቀመጠ ንቅንቅ አይልም።

ሹተሩ የክፍተቱን ግማሽ ያህል ቢሆን እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ ለ5 ሰከንድ ክፍተት 2.5 ሰከንድ። በጠዋት ብርሃን ይህ የሚገኘው በባለ 10 ስቶፕ ፊልተር ነው፤ ብርሃኑን ወደ አንድ ሺህኛ ያወርደዋል። ፊልተሩ ከተገጠመ በኋላ በሌንሱ ምንም ስለማይታይ ፎከሱም አቀማመጡም አስቀድሞ ይለቅ። መስታወት ያለው ካሜራ ከሆነ የዓይን መመልከቻው ይሸፈን፤ በረጅም ኤክስፖዠር ጊዜ ከኋላ የሚገባ ብርሃን ፎቶው መሀል ላይ ሐምራዊ ጭጋግ ይጥላል።

ኤክስፖዠሩ የሚለካው ፀሐይ ባረፈበት ቦታ ነው። ጥላው ጨለማ ይመስላል፤ ይሁን፤ ሮው ስለሆነ በኋላ ይወጣል። የተቃጠለ ውርጭ ግን ነጭ ወረቀት ነው፣ ምንም አይመለስም።

ብርዱን በተመለከተ። ሊቲየም ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከተለመደው ጊዜ በጣም ቀድሞ «አለቀ» ይላል፤ ብብት ስር ሲሞቅ የተረፈውን ይሰጣል። ትርፍ ባትሪዎች በውስጥ ኪስ ይቀመጣሉ እንጂ በቦርሳ አይቀመጡም። ለረጅም ሾት ካሜራውን በፓወር ባንክ ማስኬድ ይሻላል፤ ባንኩ በሱፍ ካልሲ ተጠቅልሎ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይታሰራል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ትንሽ ኃይል ብቻ ሲወሰድበት ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ በየ5 ሰከንዱ አንዴ የሚነቃ ካሜራ ደግሞ የሚወስደው ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ሳይሞከር ወደ ተራራ አይወጣም። ውርጭ ላይ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ ከዜሮ በታች የተሞላ ሊቲየም ለዘለቄታው ይጎዳል።

ጤዛው ከብርዱ የባሰ ነው። የሌንሱ ፊት ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ላዩ ላይ ይቋጥራል፤ ከዚያ ይረጋል። በ5 ቮልት ዩኤስቢ የሚሠራ የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ ይህን ይከላከላል። ጠዋት ቀረጻው ሲያልቅ ደግሞ ካሜራውን ይዞ እሳት ወደሚነድበት ቤት መግባት የለም፤ ውጭ እያለ በላስቲክ ከረጢት ይታሸግና ቤት ገብቶ እስኪሞቅ ሳይከፈት ይቆያል። ውሃው በከረጢቱ ላይ ይቋጥራል እንጂ በሰርኪዩቱ ላይ አይቋጥርም።

ጭላዳ

ጭላዳዎች የሚያድሩት በገደሉ ግድግዳ ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች ነው፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፣ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፍ፣ ከዚያ በቂጣቸው ፈቀቅ ብለው እንደገና። ለዚህ ፊልም ከጋማቸው ይልቅ የሚፈለገው ይህ እጅ ነው፤ ቋሚ ምት አለው።

በሰከንድ 100 ፍሬም ተቀርጾ በ25 ሲጫወት 4 እጥፍ ይዘገያል። አንዱ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚነጭ ከሆነ በፊልሙ 25 ይሆናል፤ በ50 ምት ላይ በየሁለተኛው ምት አንድ ንጭት ማለት ነው። 90 ወይም 110 ከሆነ የክሊፑ ፍጥነት ጥቂት ይነካል፤ እስከ አሥር በመቶ የሚደርስ ለውጥ በጭላዳ እጅ ላይ አይታወቅም። በሰው አረማመድ ላይ ግን ይታወቃል፣ አይሞከርም።

ሹተር 1/200፣ ሌንስ 300 ሚሜ፣ ካሜራው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍታ ላይ። ቁመት ዝቅ ሲል ከፊት ያለው ሣር ደብዝዞ ወርቃማ መጋረጃ ይሆናል፣ ከኋላውም ሰማይ ይገባል። ንፋሱ ትራይፖዱን ካስቸገረ መካከለኛው ምሰሶ አይወጣም፤ ቦርሳ ከስሩ ሲንጠለጠል መሬት እስኪነካ ይውረድ፤ አየር ላይ የሚወዛወዝ ቦርሳ መንቀጥቀጡን ያብሳል እንጂ አይቀንስም። የሌንሱ ማረጋጊያም ትራይፖድ ላይ ይጠፋል።

ታኅሣሥ፣ መንዝ። ሱፍ

የመንዝ በግ ጠጉር በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) እና ዝተት ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ሙዚቃ ደጋኑ ነው። ጅማቱ ሲመታ ዝቅ ያለ «ዱም» ይላል፤ ጠጉሩ ከተጠጋበት ይታፈናል፣ ሲላቀቅ ይጠራል። ማይኩ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ከጅማቱ በአግድም ተቀምጦ ተቀርጿል። ከፊት ለፊት ከተቀመጠ ብናኙ ይገባበታል፤ ኮንደንሰር ማይክ ደግሞ የሱፍ ብናኝ አይወድም። የስፖንጅ ቆቡ ሳይወልቅ ይሠራል። ሌንስም እንደዚያው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ሌንስ አይቀየርም።

ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ይቀመጣል። ይረግጣል፣ ድሩ አፉን ይከፍታል፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፤ መምቻው ማጉን ያጠብቃል። ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። እርግጫው ደፍኖ የሚወርድ የእንጨት ድምፅ፣ ውርወራው ሹክሹክታ፣ መምቻው ደረቅና አጭር። ሥራው ሲይዘው አንዱ ዙር 1.2 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ በደቂቃ 50 ማለት ነው። የሱፍ ክፍል ምት 100 የሆነው ከዚህ ነው፤ በየሁለት ምቱ አንድ ማግ። ከኪቦርድ የተመረጠ ቁጥር አይደለም።

ካሜራ ሲበራ ግን ምቱ ይቀየራል። ሰው ቀና ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ «ልጀምር ወይ?» ይላል። «ጋሼ፣ እኛን አይጠብቁን፤ እንደለመዱት ይሥሩ» ብሎ ድምፁን ብቻ እያስኬዱ መቀመጥ ይበጃል። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ቀረጻ ምቱ 45ም 55ም እየሆነ ይዋዥቃል። ከዚያ ቡና ሲመጣና ጨዋታ ሲነሳ እጁ ወደ ራሱ ልክ ይመለሳል፤ ለሙዚቃው የሚያገለግለው ያ ነው። የሰው እጅ ሜትሮኖም ስላልሆነ በሶፍትዌሩ ቴምፖ ማፕ ይሠራል፦ እያንዳንዱ የመምቻ ድምፅ ላይ ምልክት ይደረግና የክራሩም የዋሽንቱም መስመር ያንን ተከትሎ ይዘረጋል። ሸማኔውን እየጎተቱ ወደ ልክ 50 ማስገባት ይቻላል፤ ሲደረግ ግን ቤቱ ፋብሪካ ይመስላል።

ብርሃን፦ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ከበሩ ብቻ ይገባል። አምፖሉ ይጥፋ። 1/200 ሹተር ላይ አምፖል ይርገበገባል፤ በ100 ፍሬም መብራት በርቶ መቅረጽ ግድ ከሆነ ሹተሩ 1/100 ይሁን። በበር ብርሃን ብቻ ኤፍ 2፣ 1/200፣ አይኤስኦ 1600 ይበቃል። ከበሩ ውጭ ነጭ ጋቢ መሬት ላይ ሲነጠፍ ብርሃኑ ወደ ጣሪያው ይመለሳል፤ ከተገዛ ሪፍሌክተር አይተናነስም። ሸማኔው በበሩና በካሜራው መካከል ከሆነ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ካሜራው ከበሩ በኩል ከሆነ ግን ብናኝ የለም፣ ምስሉም ጠፍጣፋ ነው።

ስሎው ሞሽን ድምፅ የለውም። ስለዚህ ድምፁ ሁልጊዜ ለብቻው፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀረጻል። መምቻው በድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ስለሆነ ከዚህ ጠበቅ ካለ ይቀደዳል።

ጥር፣ ደብረ ብርሃን። በገናና ዋሽንት

ሁዳዴ ከገባ በገና ደርዳሪ በየቦታው ስለሚፈለግ አይገኝም፤ ቀረጻው በጥር ይለቅ።

በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ የበግ አንጀት ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው (አውታሩ በሚያርፍበት ድልድይ) መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራ፣ ድምፁን እንዲያነዝር ታደርገዋለች። ስቱዲዮ ለምዶ ለበገና አዲስ የሆነ የድምፅ ሰው ይህን ንዝረት እንደ ብልሽት ቆጥሮ በኢኪው (በድምፅ ማስተካከያ) ሊያጠፋው ይነሳል። አይነካም፤ በገናው እሱ ነው። የማይኩ ቦታ ነው ሚዛኑን የሚሰጠው፦ ብርኩማው ላይ ተጠግቶ ከተተከለ ንዝረቱ ብቻ ይገባል፤ ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ከድምፅ ሳጥኑ ትይዩ ጥቂት ወደ ላይ ሲያይ ሆዱም ንዝረቱም ይሰማል። ሁለተኛው ማይክ ከደርዳሪው ትከሻ በላይ ነው።

በገና ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ ሪከርደሩ ብዙ መከፈት አለበት፤ ያኔ ፍሪጁም፣ የጎረቤት ወፍጮም፣ ከግድግዳ የሚመጣው 50 ኸርዝ እንጉርጉሮም አብሮ ይገባል። ፍሪጁ ይነቀል፣ ሪከርደሩም በባትሪ ይሂድ። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ያስተጋባል፤ በሦስቱ ግድግዳ ላይ ባና ሲሰቀል ጸጥ ይላል። ወፍራም የመንዝ ባና ድምፅ በመዋጥ ከሚሸጠው ቀጭን ስፖንጅ ይበልጣል።

የአንጀት አውታር እርጥበት ይጠጣል፣ ሙቀት ያደርቀዋል። ከውጭ የገባ በገና ወዲያው ከተቃኘ ቅኝቱ ይናጋል፤ ክፍሉን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ከየቅጂው በፊት አሥሩም አውታር አንድ በአንድ ይቀረጻል። በኋላ ሲቀጣጠል የትኛው ቅጂ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚታወቀው በዚህ ነው።

ደርዳሪው አንድ ነገር አልተቀበሉም፦ በገናው ከመኪና ምስል ጋር እንዲሄድ። «ይህ ጸሎት ነው» አሉ፤ ንግግሩ እዚያ ላይ አበቃ። ለፊልሙም የሚበጀው ይህ ሆኖ ተገኘ። በገና ውርጭና ጉም ላይ ብቻ ይሰማል፤ መንገድ ክራርና የሞተር ድምፅ ነው፤ ክፍሎቹ በመሣሪያ ተለዩ።

ዋሽንት ሌላ ጣጣ አለው። በእጅ የተሠራ ስለሆነ ከተለመደው የቅኝት መለኪያ፣ ከ440 ኸርዝ ጋር አይገጥምም። የተቀረጸው ዋሽንት 25 ሴንት (የግማሽ ቶን ሩብ) ያህል ከፍ ይላል። ከስሩ የሚዘረጋ የሲንተሳይዘር ድምፅ ካለ ሲንተሳይዘሩ ወደ ዋሽንቱ ይሄዳል፤ ማስተር ቱኑ ከ440 ወደ 446.4 ይነሳል። ዋሽንቱን በሶፍትዌር ወደ 440 ማውረድ የሚቀል ይመስላል፤ ትንፋሹን ግን ብረት ያደርገዋል። ቅኝቱ ለሁሉም ትዝታ ነው፤ ክራሩ በመጨረሻ የሚቀረጸውም ከዋሽንቱ ጋር እንዲቃኝ ነው።

ጥር መጨረሻ፣ ጣርማበር። ጉምና መንገድ

ከሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ቆላ ሲሞቅ አየሩ ገደሉን ይዞ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ይሆናል። ከ3000 ሜትር በላይ ባለው አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ጉሙ ከእግሩ ስር እየተነፈሰ ይመጣል፤ አንዳንዴ መንገዱን ተሻግሮ ይፈሳል፣ አንዳንዴ ጫፉ ላይ ደርሶ ይበተናል።

አንዱ የጉም ማዕበል ከግርጌ እስከ አፋፉ ለመድረስ 10 ደቂቃ ከወሰደ 600 ሰከንድ ነው። በፊልሙ 8 ምት እንዲይዝ፣ በ60 ምት 200 ፍሬም ያስፈልጋል፤ ክፍተቱ 3 ሰከንድ። ጉሙ ከፈጠነና 6 ደቂቃ ከሆነ 1.8። ስለዚህ የመጀመሪያው ማዕበል አይቀረጽም፤ በሰዓት ይለካል፣ ሁለተኛው ይቀረጻል። ማዕበሎቹ እኩል ስለማይሆኑ ሒሳቡ እዚህ ግምት ነው፤ ቀሪው በኤዲቲንግ ይስተካከላል።

ጉም ኤክስፖዠርን ያታልላል። ካሜራው ነጩን አይቶ ያጨልማል፣ ውጤቱም አመድ ነው። ከተለካው በ1 ስቶፕ ከፍ ይደረጋል፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ቀኙን ጠርዝ ሳይነካ ወደ እሱ ይጠጋ። ጉሙ ሌንሱን ሲሸፍን የሚቀሩት ጠብታዎች ደግሞ በስክሪን አይታዩም፤ በየ5 ደቂቃው በጨርቅ ፈንታ በአየር መንፊያ ይጠረጋል። ጨርቅ ካሜራውን ያንቀሳቅሳል፤ አንድ ፒክስል የተንቀሳቀሰ ታይም ላፕስ ይዘላል።

ሌሊት ቦታው የመኪናዎቹ ነው። ከደብረ ሲና የሚወጡት ከባድ መኪኖች በአነስተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ወደ ዋሻው ይመጣሉ። ከመጨረሻው ጥምዝ እስከ ዋሻው አፍ አንዱ 3 ደቂቃ ከወሰደበት 180 ሰከንድ ነው፤ በ125 ምት ላይ 6 ምት፣ ማለትም 72 ፍሬም ሲፈለግ ክፍተቱ 2.5 ሰከንድ ይሆናል። ኤክስፖዠሩ 2 ሰከንድ፣ የቀረው ግማሽ ሰከንድ ካሜራው ፋይሉን እንዲጽፍ። ካርዱ ዘገምተኛ ከሆነ ካሜራው በመሀል ፍሬም ይዘላል፤ የመብራቱ መስመር ይቆራረጣል። ሮው ብቻ ይቀመጥ፣ ጄፔግ አብሮ አይጻፍ። አፐርቸር ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 400። የፊት መብራት በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ሲገባ ፍሬሙን ያጥባል፤ ካሜራው ከጥምዙ ውጪኛ ዳር ሳይሆን ከውስጠኛው፣ ከአስፋልቱ በደንብ ርቆ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ በለበሰ ሰው ታጅቦ ይቀመጣል። ጉም ባለበት ሌሊት መንገድ ዳር አይቆምም። ይህ አይከራከሩበትም።

የሞተሩ ድምፅ ለመንገድ ክፍል መሠረት ነው። በዋሻው አፍ ላይ ሞተሩ ሲገባ ድምፁ ይደፍናል፣ ሲወጣ ይፈነዳል፤ ይህ ለውጥ ክራሩ የሚገባበት ምልክት ሆኗል። የማርሽ ቅያሪ በምት ላይ አይመጣም፣ መምጣትም የለበትም።

የካቲት፣ ኤዲቲንግ

ሮው ፎቶዎቹ መጀመሪያ ይታረማሉ፣ ርግብግቢቱ በዲፍሊከር ይለሰልሳል፣ ከዚያ ባለ 10 ቢት ቪዲዮ ይሆናሉ። ባለ 8 ቢት የተሠራ ጉም ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው መስመር ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ከነጭ ወደ ግራጫ የሚሄድ ምስል ለ8 ቢት አይመችም። ለኢንተርኔት የሚጫነው ቅጂ በስተመጨረሻ 8 ቢት መሆኑ ስለማይቀር ጥቂት የፊልም ግሬን ይጨመራል፤ መስመሩን ይሰብረዋል። ግሬኑ ሲጨመር ቢትሬቱም ከፍ ይበል፣ ያለዚያ ኮምፕረሽኑ ግሬኑን ወደ ዝልግልግ ይለውጠዋል።

ቆረጣ። ምቱ ላይ ልክ የገባ ቆረጣ የዘገየ ይመስላል፤ ዓይን አዲሱን ምስል እስኪያነብ ጊዜ ስለሚወስድ። ሁለት ፍሬም ቀድሞ ይቆረጣል። ግን እያንዳንዱ ምት ላይ መቁረጥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያሰለቻል፣ የዘፈን ክሊፕም ያስመስላል። ሱፍ ላይ መወርወሪያው ራሱ ምቱን ስለሚመታ ምስሉ 16 ምት ሳይቆረጥ ይቆያል። የመጨረሻው ቆረጣ የሚገባው መምቻው ሊያርፍ ሲል ነው፤ መምቻው ሲወርድ ተመልካቹ የሚያየው የጭላዳውን እጅ ነው። ድምፁ ሸማኔው ቤት ነው፣ ምስሉ ጓሳ ነው። ይህ ፊልም ሊለው የፈለገው ነገር ካለ እዚያ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ቃል የማያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ጉም ላይ የተወሰደው መንገድ ሌላ ነው። በገና በሜትሮኖም አይደረደርም፤ 60 የተባለው በአማካይ ነው። ስለዚህ ምስሉ ወደ ምት አይጎተትም፤ ማዕበሉ አፋፉ ላይ የሚደርስበት ፍሬምና ዝቅተኛው አውታር የሚመታበት ቅጽበት ብቻ ይጋጠማሉ፣ መሀሉ ይለቀቃል። አራት መጋጠሚያ ለሦስት ደቂቃ ይበቃል።

የድምፁ መጠን ለኢንተርኔት -14 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ጩኸት መለኪያ) ላይ ይቀመጣል፤ ጫፉ ከዜሮ 1 ዴሲቤል በታች። የጓሳው ጸጥታ ግን ከፍ አይደረግም። ኮምፕሬሰር (የጮኸውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ) በጠቅላላው ላይ ሲጣል በገናው ከመኪናው እኩል ይጮኻል፤ ያኔ አራቱም ክፍሎች አንድ ይሆናሉ።

መጋቢት፣ የአዳራሽ ሙከራ

ፕሮጀክተሩ ጨለማውን ግራጫ ያደርጋል፤ በላፕቶፕ የሚታየው የሸማኔ ቤት ጥግ እዚህ የለም። ለአዳራሽ የተለየ ቅጂ ወጥቶ ጥላው በትንሹ ተነስቷል። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሁለት ቢመስልም የሚሠራው በሞኖ ነው፤ ሁለቱ የበገና ማይኮች ሲደመሩ የታችኛው ድምፅ ሳሳ። ምክንያቱ የርቀታቸው ልዩነት ነው፤ አንዱ ጋ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። የትከሻው ማይክ መስመር በ1.5 ሚሊሰከንድ ወደፊት ሲሳብ ሆዱ ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ የሚላክ ቅጂ ሁሉ በሞኖ ሳይደመጥ አይወጣም፤ አብዛኛው ተመልካች የሚሰማው በስልክ አንድ ስፒከር ነው።